ድምፅ ሰጥቼ ድምፅ ያልሰማሁበት ምሽት

እናቴ የጀበናውን እሳት ያጠፋችው ቡናው ስለፈላ አልነበረም፤ ገና መንተክተክ መጀመሩ ነበር። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ዘፋኝ ኤደን አለነ በቴሌቪዥኑ ወደ መድረክ እየወጣች ስለነበረና የጀበናው ድምፅ የልጅቷን ድምፅ እንዲሻማባት ስላልፈለገች ነው። ነጠላዋን ከጆሮዋ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ አሳርፋ ጠበቀች። እኔ ከጎኗ ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሙዚቃው እንደ ተጀመረ፣ ልጅቷ ገና አፏን ሳትከፍት፣ አውራ ጣቴን በስልኩ መስታወት ላይ ወደ ሰማያዊው አንሸራተትሁ።

«ምን አደረግሽ?» አለችኝ እናቴ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል።

«መረጥኋት።»

«ገና ሳትዘፍን?»

ዝም አልሁ። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ (ከዚህ በታች ያሉትም ቀኖች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ አሸናፊው እስራኤልን ወክሎ ኢውሮቪዥን ወደሚባለው የአገሮች የዘፈን ውድድር የሚሄድበት የቴሌቪዥን ውድድር፣ «ሃኮኻቭ ሃባ»፣ ሰባተኛ ዙሩ ወደ ማብቂያው በተቃረበበት ሰሞን፣ በእስራኤሏ ናታንያ ከተማ በሚገኘው የእናቴ ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ እናቴም ያን ጥያቄ ደግማ አላነሳችውም። እኔ ግን አልተላቀቅሁትም። ስለ ዘፈን የተጠየቅሁ መስሎኝ ነበር፤ እየቆየሁ ሳስበው ስለ ሌላ ብዙ ነገር የተጠየቅሁ ሆኖ አገኘሁት።

የፊቶች ግድግዳ

ውድድሩን የተከታተለ ሰው ግድግዳውን አይረሳውም። ተወዳዳሪው መዝፈን የሚጀምረው ከአዳራሹ ሕዝብ በግዙፍ ስክሪን ተጋርዶ ነው። በመጀመሪያው የማጣሪያ ምዕራፍ የድጋፉ መጠን 70 በመቶ ሲሞላ ግድግዳው ወደ ላይ ይነሳና ዘፋኙ ከሕዝቡ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፤ ካልሞላ ተጋርዶ እንደ ጀመረ ተጋርዶ ይጨርሳል። እኛ ቤት ይህ ግድግዳ የጨዋታ ሕግ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይችልም ነበር። ውድድሩ ከመጀመሩ ጥቂት ወራት በፊት፣ ሰኔ 30 ቀን 2019፣ የ18 ዓመቱ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሰለሞን ተካ ኪርያት ሃይም ውስጥ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ በተተኮሰ ጥይት ሞቶ፣ አገሩ ሁሉ በሰልፍና በተዘጉ መንገዶች ተናውጦ ነበር። ልጄ በዚያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነው። ማታ ሲያመሽ በር ላይ ቆሜ መጠበቅ የጀመርሁት በዚያ በጋ ነው። የሰውን ልጅ ፊት ለፊት ከማየት የሚጋርድ ነገር ሲነሳ ማየት፣ በቴሌቪዥንም ቢሆን፣ እንባዬን ያመጣው ነበር።

ስለዚህ ጣቴ ለምን እንደ ቸኮለ አውቃለሁ፤ ለዚያ ራሴን አልወቅስም። የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። ያ ስክሪን ሌላም ሥራ አለው፤ «ትለፍ» ብለው የመረጡ ሰዎች ፎቶግራፍ እየተከታተለ ይታይበታል። ልጄ መተግበሪያውን ሲጭንልኝ ፎቶዬን አብሮ አስገብቶልኝ ስለነበር፣ ኤደን ስትዘፍን እኔ የራሴን ፊት እፈልግ ነበር። ዓይኔ ከአንዱ አራት ማዕዘን ወደ ሌላው ይዘላል፤ ፊቶቹ ብቅ ብለው ይጠፋሉ፤ «አሁን መጣሁ፣ አሁን መጣሁ» እላለሁ። ፎቶዬ ወጥቶ አምልጦኝ እንደሆነ ወይም ከነጭራሹ ሳይወጣ ቀርቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀና ስል ጭብጨባው ቀልጦ ነበር። ዘፈኑ አልቋል።

እናቴ ተነሥታ እሳቱን መልሳ ለኮሰች።

የማግስቱ ጥያቄ

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። በአንድ የሕክምና ጣቢያ ውስጥ፣ እብራይስጥ የማይሆንላቸው እናቶችና አባቶች ከሐኪም ጋር ሲነጋገሩ መካከል ላይ እቀመጣለሁ። የዚህ ሥራ የመጀመሪያው ሕግ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አፍን አለመክፈት ነው። አንድ ሽማግሌ «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲሉ «ልቤን» የሚለውን ብቻ ይዞ የሚቸኩል አስተርጓሚ፣ ሐኪሙን ወደ ልብ ምርመራ ይመራዋል። ዝም ብሎ የጠበቀ ግን «በተለይ በርበሬ የበዛበት ወጥ ስበላ» የሚለውን ይሰማል፤ ነገሩ የጨጓራ ይሆናል። ይህን ሕግ ለአዳዲስ ባልደረቦቼ የማስተምረው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ነርስ፣ ወላጆቿ ከሞሮኮ የመጡ ደግ ሴት፣ ሻይ እየቀዳች፦ «ትናንት አመለጠኝ። ያች የእናንተ ልጅ እንዴት ነበረች?» አለችኝ።

«ግሩም ነበረች» አልኋት።

«ምን ዘፈነች?»

አፌ ተያዘ። የዘፈኑን ርእስ አላስታውስም። ፈጣን ይሁን ዝግተኛ፣ በምን ቋንቋ እንደ ነበረ እንኳ እርግጠኛ አልነበርሁም። እርሷም ትከሻዬን መታ አድርጋ፦ «ገባኝ፤ የእናንተ ልጅ ናት እኮ!» አለችና ሻይዋን ይዛ ሄደች። ክፋት አልነበረባትም፤ ማንም የራሱን ልጅ እንደሚወድ የምታውቅ ሴት ናት። ነገር ግን ያች አረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ እንደ እሾህ ወጋችኝ።

ልመልስላት የምችለው ብዙ ነበር። የቁጥር መልስ ነበረኝ፦ ከኢትዮጵያ የመጣው የእኛ ማኅበረሰብ ያኔ ከ160 ሺህ አይበልጥም ነበር፤ የአገሩ ሕዝብ ወደ 9 ሚሊዮን ነበር፤ ሁላችን ጣታችንን ብናንሸራትት እንኳ አንዲትን ልጅ አሸናፊ ልናደርጋት አንችልም። የታሪክ መልስም ነበረኝ፦ ይህች ልጅ በ2018 «ኤክስ ፋክተር እስራኤል»ን ገና በ17 ዓመቷ ያሸነፈች ናት፤ ወደዚህ መድረክ ስትመጣ ያልተፈተነች አልነበረችም፤ የማንም ምጽዋት አያስፈልጋትም። የጎደለኝ አንድ መልስ ብቻ ነው፤ እርሱም ዋናው ነበር። «እንዲህ አድርጋ ዘፈነች፤ እዚህ ላይ ድምፅዋን እንዲህ አጠፈችው፤ እዚህ ላይ አስለቀሰችኝ» ማለት አልቻልሁም። ስለ ልጅቷ ለመመስከር ተጠርቼ፣ ያየሁት የራሴን ፊት ፍለጋ ብቻ ሆኖ ተገኘሁ። እና «የእናንተ ልጅ ስለሆነች ነው» የሚለው ንግግር ሐሰት መሆኑን የማውቀው ከቁጥርና ከታሪክ እንጂ ከጆሮዬ አልነበረም።

ማታ ወደ እናቴ ቤት ተመለስሁ። «እማዬ፣ ትናንት እንዴት ዘፈነች?» ብዬ ጠየቅኋት።

እናቴ እብራይስጥ የምታውቀው ለገበያና ለአውቶቡስ ያህል ነው፤ እንግሊዝኛ ከነጭራሹ አታውቅም። ግን ነገረችኝ። ልጅቷ ዝግ ብላ እንደ ጀመረች፣ ድምፅዋን እንደ ቆጣቢ ሴት ይዛ ይዛ እንደ ቆየች፣ ሰው «አሁን ትጮኻለች» ብሎ ሲጠብቅ ይልቅ ዝቅ እንዳለች፣ ከፍ ያለችውም መከፈቻውን ራሷ መርጣ እንደሆነ በእጇ እያሳየች ነገረችኝ። እጇ ከጉልበቷ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ዘፈኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያም ያደገችበትን የጎንደር ገጠር ሠርግ አነሳች። «አዝማሪ ሲመጣ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ይይዛል። አይሰጥም እኮ፣ ይይዛል። ግጥሙ ሲገባ፣ ነገሩ ልብ ሲነካ፣ ያን ጊዜ ይነሣና ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ገና ማሲንቆውን ሲቃኝ ብትሸልሚው፣ ይህች ሴት ዘፈን አታውቅም ብሎ ይንቅሻል።» ጥቂት ዝም ብላ ደግሞ፦ «እሱም ያፍራል» አለች። «ሳይዘፍን ለምን እንደ ተሸለመ ይጠፋዋል።»

ዘመድ ከዘመዱ

እዚህ ላይ ለራሴም ለመከራከር እፈልጋለሁ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» የሚለውን ተረት የምናውቀው ሁላችንም ነን፤ ለወገን ማድላት የእኛ ብቻ አመል አይደለም። የኪርያት ጋት ከተማ በ2003 «ኮኻቭ ኖላድ» በተባለው የዘፈን ውድድር የመጀመሪያ ዙር ለልጇ ለኒኔት ታይብ ስትመርጥ ማንም «የእናንተ ልጅ ስለሆነች ነው» ብሎ አላሳፈራትም። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል የመጡት የስዴሮቷ ሃጊት ያሶ በ2011 የዚያኑ ውድድር ዘጠነኛ ዙር ስታሸንፍ፣ እኛ ቤት የስልክ መልእክት ስንልክ ያመሸን ስንት ሰዎች እንደ ነበርን አስታውሳለሁ። ያ ደስታ ነው። እኔ በ1991 በግንቦት ወር፣ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በወሰደው ዘመቻ፣ መቀመጫው በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ከእናቴ ጉያ ተወሽቄ የመጣሁ ልጅ ነበርሁ። በልጅነቴ በዚህ አገር ቴሌቪዥን ላይ የእኔን መልክ ያየሁት በአብዛኛው በዜና ሰዓት ነው፤ ሲያለቅስ ወይም ሲሰለፍ። ዘፈን ስትዘፍን የታየችን ልጅ ለመምረጥ የሚቸኩል ጣት ምክንያት አለው።

ግን ሃጊት በዚያ ዙር ምን እንደ ዘፈነች ራሴን ጠየቅሁ፤ አንዱንም ማስታወስ አልቻልሁም። የማስታውሰው ጎረቤቶቻችን የተቃቀፉትን፣ እልልታውን፣ የተቆረሰውን ዳቦ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተመሳሳዩን ነገር ስሠራ ኖሬአለሁ ማለት ነው። ሁለት ወጣት ሴቶች ዕድሜያቸውን የፈጁበትን ሙያ ይዘው ቆመው ሳለ፣ እኔ መቆማቸውን ብቻ ቆጠርሁላቸው።

ቋንቋ ሥራዬ ስለሆነ ነገሩን በቃላት መመርመር አልተውሁም። በእብራይስጥ ድምፅ መስጠት «ለሃጽቢያ» ይባላል፤ የመጣው «ኤጽባ» ከሚለው፣ ጣት ማለት ከሆነው ቃል ነው። ግዕዙም ጣትን «አጽባዕት» ይላል፤ ዝምድናው የቅርብ ነው። እብራይስጡ መራጩን ጣቱን እንዲያነሳ ይጠይቀዋል። አማርኛ ግን «ድምፅ ስጥ» ይላል፤ ለዘፋኙ ጉሮሮም ለመራጩ ምርጫም ያለው ቃል አንድ ነው። እንዲህ ከሆነ በአማርኛ የሚመርጥ ሰው ድምፅ ሰምቶ ድምፅ ይመልሳል፤ እንደ አዝማሪውና እንደ ተቀባዩ። እኔ በዚያ ምሽት የሰጠሁት ጣት ብቻ ነበር።

ልቤ፣ ሊቢ፣ ቀልቤ

የካቲት 4 ቀን 2020 ኤደን አሸነፈች። በዚያ ምሽት ስልኩን ለልጄ ሰጥቼ ለመስማት ቆርጬ ነበር፤ ግን ቤቱ በጎረቤት ተሞልቶ እልልታው ዘፈኑን ዋጠው። እናቴ ራሷ እልል ካሉት አንዷ ስለሆነች ቅር ልሰኝ አልችልም።

መጋቢት 3 ቀን ለኢውሮቪዥን የምትወስደው ዘፈን ከአራት እጩዎች ተመረጠ፦ «ፍቅር ልቤ»። የደረሱት ዶሮን መዳሊና ኢዳን ራይክል ናቸው፤ ራይክል ከ2002 ጀምሮ አማርኛን በእብራይስጥ ዘፈኖቹ ውስጥ ሲያስገባ የኖረ ሰው ነው። በዚህኛው እንግሊዝኛ፣ እብራይስጥ፣ ዐረብኛና አማርኛ ተቀላቅለዋል። በሥራ ቦታዬ ከሚመጡት ሽማግሌዎች ጀምሮ እስከ ልጄ ጓደኞች ድረስ ወሬው ይኸው ሆነ፤ ሽማግሌዎቹ «‹ፍቅር ልቤ› ማለት ምን ማለት ነው? ‹የልቤ ፍቅር› ነው እንጂ» ይላሉ፤ ወጣቶቹ «ምን አገባችሁ፣ ያምራል» ይላሉ። እኔም እንደ ልማዴ ሰዋስው ማረም ጀምሬ ነበር።

በኋላ ነው ሌላውን ያየሁት። «ልቤ» የሚለው የእኛ ቃል በእብራይስጥ «ሊቢ» ነው፤ አናባቢ ሲለዋወጥ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይሻገራል። የዘፈኑ ርእስ በላቲን ፊደል የተጻፈውም ለሁለቱም ጆሮ እንዲሆን አድርጎ ነው፤ እናቴ አማርኛ ትሰማበታለች፣ ልጄ እብራይስጥ። ዐረብኛው ደግሞ ልብን «ቀልብ» ይላል፤ እኛም ቃሉን ወስደነዋል፤ ለመውደድ ሳይሆን ለማስተዋል። «ቀልቤ እዚያ አልነበረም» የምንለው ሰው እያወራን ሳንሰማው ስንቀር ነው። «ልብ በይ» ስንልም አዳምጪ፣ አስተውዪ ማለታችን ነው። ፍቅርና ማዳመጥ በቋንቋችን ውስጥ ከአንድ ብልት ይወጣሉ። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ፣ ስለ ጆሮም እንደሚናገር ያኔ ገባኝ።

ዘፈኑ ግን ለመድረክ አልበቃም። መጋቢት 18 ቀን በኮሮና ምክንያት የዚያ ዓመት ኢውሮቪዥን ተሰረዘ። ኤደን ለቀጣዩ ዓመት ተወካይ ሆና ብትቀጥልም፣ የ2020 ዘፈኖች በ2021 እንዳይቀርቡ ተወሰነ። ለዚህ ያዘንሁትን ያህል ለጥቂት ነገር አዝኛለሁ። አማርኛ ውድድሩ ሊካሄድበት ወደነበረው ሮተርዳም ሄዶ ሳይቆም በቤታችን በር ተገታ። እናቴ በዚያ የቤት ውስጥ መታገድ ወራት ዘፈኑን በልጄ ስልክ እያስከፈተች ትሰማው ነበር፤ እኔም ደጅ መውጣት በሌለበት፣ ፊቴን የምፈልግበት ግድግዳ በሌለበት፣ ከጎኗ ተቀምጬ መስማት ተለማመድሁ። በመጀመሪያ ቀን ቃላቱን ሰማሁ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ልጅቷ ቃሉን ከመጀመሯ በፊት የምትወስዳትን ትንፋሽ ሰማሁ።

መምረጥ የማይቻልበት ምሽት

ኢውሮቪዥን አንድ ሕግ አለው፤ ተመልካች ለራሱ አገር ተወካይ መምረጥ አይችልም። ግንቦት 22 ቀን 2021፣ ከጋዛ ጋር የነበረው የ11 ቀን ውጊያ በተኩስ አቁም በቆመ በማግስቱ፣ ኤደን «ሴት ሚ ፍሪ» የተባለውን ዘፈን ይዛ በሮተርዳም የፍጻሜ መድረክ ላይ ሦስተኛ ሆና ስትወጣ፣ እኔ ልሰጣት የምችለው አንድም ነገር አልነበረኝም። ስልኬ ወጥ ቤት፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ ነበር። በዘፈኑ ውስጥ አማርኛ የለም። ልጄ ውጤት የሚገምት ዝርዝር ይዞ «እማማ፣ ስንተኛ የምትወጣ ይመስልሻል?» ብሎ አያቱን ሲጠይቅ እናቴ በእጇ ዝም አሰኘችው፤ ሄዳም እሳቱን አጠፋች።

ሰማሁ። መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ወደ ደረቷ ወርዶ ጥላ ያለው ነበር። ከዳንሱ መካከል ትንፋሽ የምትሰርቅበትን ቦታ አገኘሁት፤ ከወገቧ ዞር ስትል ነው። ወደ ማለቂያው፣ በኢውሮቪዥን ታሪክ ከተዘፈኑት ሁሉ ከፍተኛው ነው የተባለለትን ኖታ ስታወጣ፣ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ከተራራ ላይ የሚመጣ ፉጨት መሰለኝ። እናቴ «ዋሽንት!» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሌሊቱ ገፍቶ ውጤቱ ሲነገር 93 ነጥብ አግኝታ 17ኛ ወጣች። ልጄ አዘነ። እናቴና እኔ ግን ያን ጊዜ ሌላ ክርክር ላይ ነበርን።

«ከዋሽንቱ በፊት ትንፋሽ ያጠራት አልመሰለሽም?» አለችኝ።

«አላጠራትም፤ ሆን ብላ ቆረጠችው እንጂ።»

«አጠራት እንጂ! ስትዞር አላየሽም?»

«ስትዞርማ ሰረቀች እማዬ፤ እዚያ ላይ እኮ ነው የወሰደችው።»

እናቴ አሰበች። ከዚያ እጇን ከጉልበቷ አነሳችና ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀምራ በአየር ላይ ስትከተለው፣ ያ ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷን አቆመች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋም ጠበቀች። «ደግመሽ ክፈቺልኝ» አለች።

ስልኬን ከወጥ ቤት አመጣሁት።